በብርድ ስትቀዝፉ እጃችሁን ለቆፈን አሳልፈው የሚሰጡ ስህተቶች

ከጥቅምት እስከ ጥር ማለዳ ሐይቅ ላይ የቀዘፈ ሰው ቆፈንን ያውቀዋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ የምንቀዝፍበት፣ ስሙም «ሐይቅ» የሚባለው የወሎ ሐይቅ ደግሞ ወደ 2,000 ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከደሴ የሚወርደው ሰው «እዚያ ምን ብርድ አለ» ብሎ ሹራቡን ትቶ ይመጣል። ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል። አጠገቡ ያለው የአርዲቦ ሐይቅ ከእሱም ከፍ ስለሚል እዚያ ይብሳል።

አንድ የታኅሣሥ ማለዳ ከአክስቴ ልጅ ጋር ወጥተን ነበር። ስንመለስ እሱ ቀድሞ ወረደና ገመዱን ወረወርኩለት። ገመዱ እጁ ላይ አረፈ፣ ጣቶቹ ግን አልታጠፉም። ነፋሱ ጀልባዋን መልሶ ወደ ውስጥ ገፋት፣ እኔም በደነዘዘ እጅ እንደገና መቅዘፍ ነበረብኝ። ዳር ላይ ስለነበርን ተረፍን። መሀል ላይ ቢሆንስ? ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን እንደ ቀላል አላየውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት እጅን ለማሞቅ ውሃው ውስጥ መንከር ነው። ማለዳ ሐይቁ ሲጨስ አይታችሁ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ውሃው ከአየሩ ይሞቃል፣ ከላዩ የሚነሳው እንፋሎትም ቀዝቃዛውን አየር ሲያገኝ ጉም ይሆናል። ሐይቁ 80 ሜትር ገደማ ይጠልቃል፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም። ታዲያ እጃችሁ ሲቀዘቅዝ ብትነክሩት ለብ ይላል፣ ደስም ይላል። ጉዱ የሚመጣው ስታወጡት ነው። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ አስቡ። ሸክላው ያልባል፣ ላቡ ሲተን ከውስጥ ያለውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነፋስ ላይ ያለ የራሰ እጅም እንደዚያው ነው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እጄን ስነክር አይተው «ልጄ፣ ውሃው አይጎዳህም፣ ነፋሱ ነው የሚበላህ፤ አድርቀው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አሁን ደረቅ ጨርቅ በፌስታል ቋጥሬ ሳልይዝ አልወጣም። እጄ በራሰ ቁጥር፣ መረብ ከነካሁ በኋላም ቢሆን፣ መጀመሪያ ማድረቅ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ከመቅዘፊያው የሚወርደውን ውሃ ችላ ማለት ነው። በተለይ ሁለት ጫፍ ያለው መቅዘፊያ ከሆነ፣ አንዱን ጫፍ ባነሳችሁ ቁጥር ውሃው በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ እጃችሁ ላይ፣ ከዚያም እጅጌያችሁ ውስጥ ይገባል። መፍትሔው ርካሽ ነው። የብስክሌት አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጣችሁ፣ ከእጃችሁ አለፍ ብሎ ቀለበት አድርጋችሁ እሰሩበት። ውሃው እዚያ ሲደርስ ይንጠባጠባል፣ ወደ እጃችሁ አይመጣም። የመቅዘፊያው ዘንግ ብረት ወይም አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ የምትይዙበትን ቦታ ራሱ በከመነዳሪ ጠምጥሙት። ብረት ሙቀትን ከእጅ በፍጥነት ይወስዳል፣ እንጨት ግን ይታገሳል።

ጓንት ላይ የማየው ስህተት ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ የጥጥ ጓንት ማድረግ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ጠጥቶም ይይዛል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ በፍጥነት ያስተላልፋል፤ እርጥብ የጥጥ ጓንት ካደረጋችሁ ባዶ እጅ ይሻላል። ሱፍ ግን ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት አይነፍግም። የሀገሬ ደገኛ የሱፍ ባና ለብሶ ዝናብ የሚችለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለተኛ፣ ጠበብ ያለ ጓንት። «ጥብቅ ሲል ይሞቃል» ይላሉ፣ ግን ደም የማይደርስበት ጣት በምንም አይሞቅም። ጓንቱን አድርጋችሁ ጨብጡና ዘርጉ፤ ከሳበ ጠቧል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ከመጠን በላይ ወፍራም መሆኑ። መቅዘፊያው አይጨበጥም፣ ስለዚህ የበለጠ ትጨምቁታላችሁ፣ ክንዳችሁም ቶሎ ይዝላል።

እኔ የምጠቀመው ከሰልባጅ የገዛሁትን ስስ የሱፍ ጓንት ነው፤ ከላዩ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት አደርጋለሁ። ሰፋ ይበል፣ እጅጌው ረዘም ይበል። ፌስታል ጠምጥመው የሚወጡም አሉ። ነፋስ ይከለክላል፣ አልክድም፣ ግን ያንሸራትታል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የእጅ አንጓ ላይ በገመድ ወይም በላስቲክ ማሰሩ ነው። መቅዘፊያው ላይ የሚታሰር ከረጢት ሰፍተው እጃቸውን ውስጡ የሚከቱም አሉ፤ ይሄ እንዲያውም በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ እጅ ግን ሳይያዝ በአንድ ጊዜ መውጣት አለበት። ጀልባ ከተገለበጠ እጃችሁን የምትፈቱበት ጊዜ የላችሁም።

ደሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አለ፦ እጅን ብቻ ማልበስ። ሰውነት ሲበርደው መጀመሪያ የሚጠብቀው ልብና ሳንባን ነው። ወደ እጅና እግር የሚሄደውን የደም ሥር ያጠብና ሙቀቱን ወደ መሀል ይሰበስባል። ደረታችሁ እየበረደው አንደኛ ጓንት ብታደርጉ ጣታችሁ ይደነዝዛል። ስለዚህ ለእጅ ስትሉ ደረትን፣ አንገትን፣ ጭንቅላትን ሸፍኑ። ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ። ጋቢ ለብሳችሁ ግን አትቅዘፉ። ዳር ላይ ቁጭ ሲሉ እንደ ጋቢ የለም፣ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ከብዶ መንቀሳቀስ ይከለክላል። ላይፍ ጃኬት ካላችሁ ደረትንም ያሞቃል፣ ነፍስንም ያድናል። አንጓንም አትርሱ። ደሙ ወደ እጅ የሚያልፈው በእዚያ ነው፣ ከቆዳውም ቅርብ ነው። የአሮጌ ካልሲ አንገት ቆርጣችሁ አንጓችሁ ላይ ብትሰኩት ልዩነቱን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

በባዶ ሆድ መውጣትም አለ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም፤ ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከበላው ነው። አጥንቱ ባይገኝ የአጃ አጥሚት ወይም በሶ ይበቃል፣ ቆሎ ኪስ ውስጥ፣ ሻይ በፔርሙዝ። አረቄ ግን ተዉት። የሚያሞቅ የሚመስለው በቆዳ ላይ ያለውን የደም ሥር ስለሚከፍት ነው፣ በተከፈተው በኩል ደግሞ የመሀል ሙቀታችሁ ይወጣል። ሲጋራ በተቃራኒው የጣት ደም ሥር ያጠባል። ሁለቱም ለቀዛፊ አይሆኑም።

ቫዝሊን መቀባት? ቆዳ እንዳይሰነጠቅ ማታ ተቀቡት። ሙቀት አይሰጥም፣ መቅዘፊያውን ግን ያንሸራትታል።

አጨባበጥም አለ። ሰው ሲበርደው ወይም ሲፈራ መቅዘፊያውን አንቆ ይይዛል። ጥብቅ ጭብጥ ደሙን ከጣት ገፍቶ ያሸሻል። የማትስቡበትን እጅ ጣቶች ላላ አድርጉ፣ በየጊዜውም አንዱን እጅ አውርዳችሁ ከትከሻ ጀምሮ አወዛውዙት። ደሙ ወደ ጣት ጫፍ ሲወርድ ይሰማችኋል።

ከወጣችሁ በኋላ ደግሞ የደነዘዘ እጅ ከሰል ምድጃ ላይ አትዘርጉ። እጁ ስለማይሰማው ሲቃጠል አታውቁም። ማሸትም አይሆንም፣ ቆዳው ይጎዳል። አድርቁት፣ ብብታችሁ ስር አስገቡት ወይም ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ለብ ማለቱን በራሳችሁ እጅ ሳይሆን ባልደነዘዘ ሰው እጅ አስለኩ። ሲመለስ ይጠዘጥዛል፣ ያልፋል።

ውሃ ላይ እያላችሁም በየጊዜው አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኙ። አልገናኝ ካለ ቀጥታ ወደ ዳር፣ ዓሣ ቢኖርም ባይኖርም። አጠገባችሁ ያለውንም «እስቲ ጣትህን አሳየኝ» በሉት፣ ምክንያቱም ቆፈን የያዘው ሰው ራሱ ደህና ነኝ ነው የሚላችሁ። በትንሽ ብርድ ሁሉ ጣቱ ነጭ የሚሆን፣ ወይም ከሞቀ በኋላም ስሜቱ የማይመለስለት ሰው ካለ ግን ጤና ጣቢያ ይታይ። እሱ የጓንት ጉዳይ አይደለም።