ፓምፑ ተነስቶ ሲጠፋ በርሜሉን እዩት

ሞተሩ ይነሳል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሠርቶ ድምፁ ይወርድና ይጠፋል። ሲቀሰቅሱት እንደገና ይነሳል፤ ውሃ መሳብ ሲጀምር መልሶ ይጠፋል። ጣና ዳር ክረምቱ አልፎ ለመስኖ ሽንኩርት ፓምፕ ሲወጣ ብዙ ሰው የሚያማርረው ይህን ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፊልትሮ፣ ማለትም የናፍታ ማጣሪያው ነው፤ ጥርጣሬውም ልክ ነው። በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ ባዶውን ለሚዞር ሞተር የሚበቃ ናፍታ ያሳልፋል። ሥራ ሲበዛበት ግን አይበቃውም። ፊልትሮ ብቻ ብትቀይሩ ደግሞ በሽታው ናፍታ የምታስቀምጡበት በርሜል ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። እኔ አምና በአንድ ሳምንት ሦስት ቀይሬያለሁ። አራተኛውን ልገዛ ስል አንድ የጀልባ መካኒክ «እስቲ መጀመሪያ የበርሜሉን ሆድ አሳየኝ» አለኝ።

ቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ በጣቱ ደፍኖ እስከ ታች ሰደደ። ጣቱን ለቀቅ አደረገና መልሶ ደፍኖ አወጣው። ያመጣውን ብርጭቆ ላይ አፈሰሰው። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ናፍታው፣ ከታች ደፍረስ ያለ ውሃ ለየ። በመካከላቸው እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ጥቁር ቡኒ ነገር ተጋድሟል። በጣት ሲነኩት ያሟልጫል። ፊልትሮዬን ሲደፍን የከረመው እሱ ነበር።

ብዙዎች አልጌ ይሉታል። አልጌ ብርሃን ይፈልጋል፤ በርሜል ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው። ይህ ሻጋታና ባክቴሪያ ነው። ናፍታውን ይመገባል፤ የሚኖረው ግን ውሃው ውስጥ፣ ናፍታና ውሃ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ውሃ ከሌለ አይራባም።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? አንዱ ከአየር ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። በግማሽ ጎደሎ በርሜል ውስጥ ያለው እርጥብ አየር ሌሊት ግድግዳው ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቆሞ ደጅ የከረመ በርሜል ክዳኑ ላይ ዝናብ ያቁራል። ማታ ውስጡ ያለው አየር ሲኮማተር ያንን ውሃ በክዳኑ ጥርስ በኩል ይስባል። በደንብ የጠበቀ የሚመስል ክዳን እንኳ ያስገባል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። በርሜሉን ትንሽ አዘንብላችሁ አንድ ቀን ሳትነኩት ተዉት። ከዚያ ከዝቅተኛው ጎን፣ ከታች፣ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ ድረስ በእጅ ፓምፕ ቅዱ። በአፍ ፈጽሞ አትሳቡ፤ ሳንባ የገባ ናፍታ ይገድላል። ላይ የቀረው በብርጭቆ ሲታይ ጥርት ካለ፣ ውሃ በሚለይ ፊልትሮ አሳልፋችሁ ከአዲስ ጋር ደባልቁት። የፓምፑንም ሰልባቲዮ (የናፍታ መያዣ) አጥቡ፣ ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ከናፍታ መስመሩ አየሩን አውጡ። ዝልግልጉ ግድግዳ ላይ ከያዘ በርሜሉ መታጠብ አለበት። ለናፍታ የተሠራ የጀርም መግደያ ካገኛችሁ መለያው በሚለው መጠን ብቻ፣ ጓንት አድርጋችሁ ጨምሩ። የሞተው ነገር ለጥቂት ቀን ፊልትሮ መድፈኑ ስለማይቀር ትርፍ ያዙ። በረኪና አታስቡት፤ ራሱ ውሃ ነው፣ ብረትም ይበላል።

ናፍታው ውሃ ሳይኖረው ጠቁሮ የቫርኒሽ ሽታ ካመጣስ? ይህ ሌላ በሽታ ነው። ኦክስጅን ከናፍታው ጋር ተዋህዶ ሙጫና አሲድ ፈጥሯል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። መዳብና ዚንክም ያባብሱታል፤ ስለዚህ ዚንክ በተለበጠ በርሜል ናፍታ አታስቀምጡ። ይህ ወደ ኋላ አይመለስም። ማቆያ ኬሚካል የሚሠራው ናፍታው ትኩስ እያለ ከገባ ነው፤ ከተበላሸ በኋላ ገንዘብ ማባከን ነው። በጣም የጠቆረውን ሞተር ውስጥ አትክተቱ። ናፍታ የሚረጨው ኢንጀክተር ከተበላሸ ከናፍታው ዋጋ በላይ ያስወጣችኋል።

የበሰበሰ እንቁላል ከሸተታችሁ ውሃው ብዙ ጊዜ ተቀምጧል ማለት ነው። ጋዙ መርዝ ስለሆነ አፍንጫችሁን ክዳኑ ላይ አትድፉ፤ በርሜሉ ያለበትን ክፍል በር ከፍታችሁ ሥሩ።

የቀዳችሁትን ቆሻሻ እባካችሁ ሐይቁ ዳር አትድፉት። ጣና በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚያም በላይ ዓሣ የምንበላው ከዚሁ ነው። በጀሪካን አድርጋችሁ የተቃጠለ ዘይት ወደሚያጠራቅም ጋራዥ ውሰዱት።

ሰኔ ሳይገባ ደግሞ 200 ሊትሩን በርሜል እስከ 190 ሙሉት፤ አሥሩ ናፍታው ሲሞቅ የሚሰፋበት ነው። ጥላ ውስጥ፣ ጣውላ ላይ፣ በጎኑ አስተኙት። ሁለቱ ክዳኖች ግራና ቀኝ እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፤ ያኔ ከውስጥ ናፍታ ይሸፍናቸዋል፣ ከላይም ውሃ አያቁርባቸውም። የተገዛበትን ቀን በቀለም ጻፉበት። ዓመት ሳይሞላው ተጠቀሙበት፤ የቆየው ቀድሞ ይውጣ።