በሽታውን በግራ፣ ህመሙን በቀኝ፦ ለነርሲንግ ተማሪዎች

ፈንዳሜንታልስ የሚባለው የነርሲንግ መሠረታዊ ኮርስ ሲጀመር ተማሪው ሁሉ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ይንቀዋል። ጤና ምንድን ነው፣ በሽታ ምንድን ነው፤ «ይሄማ የታወቀ ነው» ይልና መርፌ መውጋትና ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት ወዳለበት ገጽ ይሮጣል። ዋርድ፣ ታካሚዎች የተኙበት ክፍል፣ ስንወጣ የሚያንገዳግደው ግን ይኸው የናቀው ምዕራፍ ነው። እኔ ከጥቁር አንበሳ እስከ ፒያሳ ባሉት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተማሪ ይዤ የምዞር ነርስ ነኝ። ምዕራፉን እንዴት እንደምታጠኑት፣ አልጋ አጠገብም እንዴት እንደምትሠሩበት ልንገራችሁ።

ደብተር አውጡና አንዱን ገጽ ከላይ እስከ ታች በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ «በሽታ»፣ በቀኝ «ህመም» ብላችሁ ጻፉ። በሽታ በአካል ወይም በአእምሮ አሠራር ላይ የደረሰ መታወክ ነው፤ ሐኪሙ ስም ይሰጠዋል። ህመም ደግሞ ሰውየው ራሱ የሚሰማው፣ ከሥራው፣ ከእንቅልፉ፣ ከሰው ጋር ከመዋሉ ያጎደለበት ነገር ነው። ሃንድአውታችሁ ላይ ዲዚዝ እና ኢልነስ ተብለው የተለዩት እነዚህ ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ይኖራል፤ ፈተና ላይም ዋርድ ላይም ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ በሦስት ሰዎች ተለማመዱ።

የመጀመሪያው ሚስታቸውን ሊያሳክሙ ከለገሃር የመጡ ጋሼ ናቸው። ተማሪዋ ለልምምድ ግፊታቸውን ስትለካ 170 በ110 ይሆናል፤ ለክታ ደግማ ብትለካም ያው ነው። «ኧረ እኔ ምንም አላመመኝም!» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግራው ተሞላ፣ ቀኙ ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን ዛሬ ገዝቶ በሚቀጥለው ወር ያቆመዋል፤ ምክንያቱም ኪኒኑ ያስታገሰለት ነገር የለም። ስለዚህ ምክራችሁ «ታመዋል» በሚለው አይጀምር። ግፊት ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ምንም ሳያሳምም እንደሚጎዳ በእርጋታ አስረዷቸው፤ ጤነኛ እንደሆኑ እየተሰማቸው መድኃኒት መዋጥ ለምን እንዳስፈለገ ይግባቸው።

ሁለተኛዋ ራሷን የሚያቃጥላት፣ ልቧ የሚመታባት፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት ናት። ደሙም ሽንቱም ኢሲጂውም (የልብ ምርመራው) ነጻ ነው። ቀኙ ሞልቷል፣ ግራው ባዶ ነው፤ ቢያንስ እስካሁን። «ምንም የለብሽም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። ይህን የተባለ ሰው አይድንም፤ ሌላ ክሊኒክ ሄዶ ያንኑ ምርመራ እንደገና ይከፍልበታል። «ምርመራው አስጊ ነገር አላሳየም፤ የሚሰማሽ ግን እውነት ነው» በሏት፤ ቀጥሎ ስለ ቤቷ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ኑሮዋ ጠይቋት። ጭንቀትና ድብርት በራስ ምታትና በልብ ምት ተመስለው እንደሚመጡ አስታውሱ፤ እነሱም ግራው ዓምድ ላይ የሚጻፉ ናቸው፣ ላብራቶሪ አያሳያቸውም እንጂ።

ሦስተኛው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ወያላ ነው። ሕክምናው በተለመደው መንገድ 6 ወር ይፈጃል፤ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ 4 ወር በሁለት። ጥቂት ሳምንት እንደዋጠ ሳሉ ይለቀዋል፣ ምግብ ይበላለታል፣ ታክሲው ላይ ይመለሳል። ቀኙ ባዶ ሆነ፤ ግራው ግን እንዳለ ነው። ከሦስቱ የምፈራው ይሄንን ነው። መድኃኒቱን ቢያቋርጥ በሽታው ያገረሽበታል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ሊላመድ ይችላል።

ቀኙን ዓምድ መሙላት ጥበብ ይጠይቃል። አልጋ ላይ ያሉ እማማን «እንዴት አደሩ?» ብትሏቸው መልሱ የታወቀ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።» ይህን ሰምቶ ቻርት ላይ «ቅሬታ የለም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ቀና ብሎ ቢያይ ቀኝ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨምድዷል፤ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ሰላምታችሁን ጨርሱና ኑሯቸውን ጠይቁ። «ሌሊት በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?» «ጊዮርጊስ ሲሳለሙ ደረጃውን በአንዴ ይወጡታል ወይስ ያርፋሉ?» «አሁን ቤት ቡና የሚያፈላው ማነው?» ትራሱ ሦስት ከሆነ፣ ቡናውን የምታፈላው የጎረቤት ልጅ ከሆነች፣ ስለ ልባቸው ብዙ ሰማችሁ ማለት ነው፤ ልብ ሲደክም ጋደም ማለት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ቀላል ሥራም ያደክማል። እሳቸው የነገሯችሁ ሲምፕተም ነው፤ እናንተ ያያችሁት፣ የዳሰሳችሁት፣ የለካችሁት ሳይን ነው።

ጤና ራሱስ? የዓለም ጤና ድርጅት መተዳደሪያ እ.ኤ.አ. በ1946 ተፈርሞ በ1948 ሥራ ላይ ውሏል። እዚያ ላይ ጤና ማለት የአካል፣ የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ሙሉ ደህንነት እንጂ የበሽታ ወይም የአቅም ማጣት አለመኖር ብቻ አይደለም ተብሏል። ለፈተና ሸምድዱት። ለራሳችሁ ግን «ሙሉ» በሚለው ላይ ተከራከሩ። ኢንሱሊኑን በሰዓቱ እየወጋ መርካቶ ሱቁን የሚከፍት፣ እድሩ የማያመልጠው ነጋዴ በዚህ መለኪያ ጤነኛ አይደለም፤ በእኔ ግምት ግን ከብዙዎቻችን ይሻላል። ጤናን ከሙሉ ደህንነት እስከ ሞት የተዘረጋ መስመር አድርጋችሁ ብትይዙት ይጠቅማችኋል። ታካሚው ዛሬ ወደየት አቅጣጫ እየሄደ ነው? የነርስ ጥያቄ እሱ ነው።

የሶሺዮሎጂ ባለሙያው ኤድዋርድ ሳችማን እ.ኤ.አ. በ1965 ያስቀመጣቸው አምስት የህመም ደረጃዎችም ይመጡባችኋል፦ ምልክት መሰማት፣ ታማሚነትን መቀበል፣ ሐኪም ጋ መሄድ፣ በሌላ ሰው እርዳታ ላይ መደገፍ፣ ማገገም። መጽሐፉ ላይ ቀጥ ያለ መንገድ ይመስላል። እኛ ከተማ ይዞራል። ሰውየው ወገቡን ሲያመው «ብርድ ነው» ይላል፤ ፍልውሃ ይታጠባል፤ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ማስታገሻ ይገዛል፤ እንጦጦ ጠበል ይጠመቃል፤ ከዚያ ነው ካርድ የሚያወጣው። ይህን ስትሰሙ ፊታችሁን አታጨማድዱ። ፊታችሁ ከተጨማደደ የወሰደውን ይደብቃችኋል፤ የማስታገሻውን ስምና መጠን ደግሞ ማወቅ አለባችሁ። የሕመም ፈቃድ ወረቀቱና ብርቱካን ይዞ የሚመጣው ጠያቂ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይመደባሉ፤ ሰውየው መታመሙን ሌላው ሰው አወቀለት ማለት ነው።

አኪዩት ድንገት የሚነሳና ባጭር ጊዜ የሚያልፍ፣ ክሮኒክ ደግሞ የሚቆይ፣ ጋብ እያለ የሚያገረሽ ነው። ይህ አያስቸግራችሁም።

የመከላከል ደረጃዎችን በአንድ በሽታ ላይ አጥኗቸው፤ ሦስቱን በሦስት በሽታ ካጠናችሁ ይምታቱባችኋል። የማኅፀን በር ካንሰርን ውሰዱ። ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ፣ ኤችፒቪን፣ ለመከላከል ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት አንደኛ ደረጃ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ጤና ጣቢያ ላይ በአሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ) የሚደረገው ምርመራ ሁለተኛ፣ በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ ስቃይን የሚቀንሰውና አቅም የሚመልሰው እንክብካቤ ሦስተኛ ነው። ምርመራውን «ሴትየዋ ጤነኛ ስለሆነች» ብሎ አንደኛ ውስጥ የሚከት ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ምርመራው ቫይረሱ እንዳይገባ አያደርግም፤ ገብቶ ያመጣውን ለውጥ፣ ቀኙ ዓምድ ገና ባዶ እያለ፣ ካንሰር ሳይሆን ያገኘዋል። ሁለተኛ ደረጃ ብላችሁ አክብቡ።