ዲዝኒ ወርልድ ስትሄዱ የቤተሰብ ፎቶ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ

እናቴ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ሜሪላንድ ስትመጣ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ለአምስታችንም አንድ ዓይነት ጥለት ያለው የሀበሻ ልብስ ነበር። ሽሮ ሜዳ ሄዳ ነው ያሠራችው። ልጆቹን ይዘን ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለው ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው የመዝናኛ ቦታ እንደምንሄድ ነግሬያት ነበር። «ግንቡ ፊት ቆመን በባለሙያ እንነሳለን» ብያታለሁ። ልብሱን ያሠራችው ለዚያ ፎቶ ብላ ነው።

ያንን ፎቶ የዚያን ጊዜ አላገኘነውም። ያገኘነው ጥር ላይ፣ እናቴ ወደ ሀገሯ ልትመለስ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ ለዚሁ ብለን ተመልሰን ሄደን ነው። ሁለት ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

መጀመሪያ፦ ማን ያነሳችኋል?

ዲዝኒ ወርልድ አራት ፓርኮች አሉት። ታዋቂው የሲንደሬላ ግንብ ያለው ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀውን ሀበሻ ፎቶ አንሺ ይዞ ለመግባት ያስባል። እኔም አስቤ ነበር። ግን ያለ ፈቃድ ለንግድ ፎቶ ማንሳት በፓርኮቹ ውስጥ ክልክል ነው። ስለዚህ የራሳችሁን ባለሙያ ከፈለጋችሁ ከፓርክ ውጭ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ግንቡ ፊት መነሳት ከፈለጋችሁ ግን የሚያነሷችሁ የፓርኩ ፎቶ አንሺዎች ናቸው።

እነሱ ጋር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ፎቶፓስ የሚባሉት ናቸው፤ ታዋቂ ቦታዎች ላይ ቆመው ተሰልፎ የመጣውን ሁሉ ያነሳሉ። ቀጠሮ የለውም። በስልካችሁም አንሱን ብትሏቸው በደስታ ያነሷችኋል። ሁለተኛው ካፕቸር ዩር ሞመንት የሚባለው የግል ቀጠሮ ነው። 20 ደቂቃ አንድ ፎቶ አንሺ የእናንተ ብቻ ይሆናል።

ባልና ሚስት ብቻ ከሆናችሁ ሰልፉ ይበቃችኋል። አያትና ሕፃናት ካሉ ግን ገንዘቡን ለግል ቀጠሮው አውጡት። ከኋላ የቆመ ሰልፈኛ እያያችሁ የእናታችሁን ነጠላ ማስተካከል አይቻልም።

ስትይዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። የቀጠሮው ክፍያ ፎቶዎቹን ይጨምራል ወይስ ለብቻ ይገዛሉ? ለስንት ሰው ነው? የፓርኩ መግቢያ ትኬት ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ከ3 ዓመት በታች ካለ ሕፃን በስተቀር ሁሉም ትኬት ያስፈልገዋል፤ ለፎቶው ብቻ ብትገቡም ጭምር። የጉዞውን ፎቶ በሙሉ የሚይዘውን ሜሞሪ ሜከር የሚባለውን ጥቅል የምትፈልጉ ከሆነ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ግዙት፤ ዋጋው ይቀንሳል።

ቀኑና ሰዓቱ

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እኔ የተበላሸሁትም እዚሁ ነው።

የመጀመሪያውን ቀጠሮ የያዝኩት ለመጨረሻው ቀን ማታ ነበር። ሐሳቤ ጥሩ ይመስል ነበር፤ ልጆቹ መጀመሪያ ይጫወቱ፣ ይጥገቡ፣ ከዚያ ለብሰን ተረጋግተን እንነሳለን። ግን አራት ቀን ሙሉ በፀሐይ የተንከራተተ የ4 ዓመት ልጅ በአምስተኛው ቀን ማታ ልብስ አልብሱት እንጂ አያስቁትም። እናቴ እግሯ አብጦ ነበር። አልነገረችንም፤ ጫማዋን ስታወልቅ ነው ያየሁት።

በዚያ ላይ ዝናቡ መጣ። ኦርላንዶ በበጋቸው፣ ማለትም የእኛ ክረምት በሆነው ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ የተለመደ ነው። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያነጋል። ሙቀቱ 33 ዲግሪ ይደርሳል። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ደመናው ይቆለልና ይወርዳል። መብረቅ ካለ ደግሞ ውጭ ያለ ነገር ሁሉ ይቆማል። እኛም ሱቅ ውስጥ ተጠልለን ቆየን፤ ትንሹ ልጄ ጋሪው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ቀጠሮውን ወደ ነገ ማዛወር ይቻል ነበር፤ ግን ነገ የሚባል ቀን አልነበረንም። ጠዋት በረራ ነበረን።

ስለዚህ፦ ቀጠሮውን ለሁለተኛው ቀን ያዙ። የመጀመሪያው ቀን የጉዞ ድካም አለው። ሁለተኛው ቀን ሁሉም አርፏል፣ ፊቱ በፀሐይ አልተቃጠለም፣ ዝናብ ቢመጣም ለማዛወር ሦስት አራት ቀን ይቀራችኋል። ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት፣ ፓርኩ እንደተከፈተ ያለውን የመጀመሪያ ክፍት ቦታ ውሰዱ። ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ የአውሮፕላን ትኬት በቆረጣችሁበት ሰሞን ፈልጉት።

ጠዋትን የምመርጠው ለልጆቹ ብቻ አይደለም። የግንቡ ፊት ወደ ደቡብ ነው። እናንተ ግንቡን ከኋላ አድርጋችሁ ስትቆሙ ወደ ደቡብ ታያላችሁ ማለት ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር፣ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣለች። ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከቅንድብ በታች ጥላ ያጠላል። ጠዋት ግን ብርሃኑ ከጎን በኩል ለስለስ ብሎ ይመጣል። ጥር ላይ የተነሳነው በአሜሪካ ሰዓት 9 ተኩል ገደማ ነው። ከፎቶዎቹ መካከል አንዱ ላይ የእናቴ ግራ ጉንጭ ላይ ያረፈው ብርሃን እስካሁን ያስደስተኛል።

ስለ ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ የእጅ ሰዓቷን በሀገር ቤት አቆጣጠር ነው የምታነበው። «9 ተኩል» ስላት ከቀትር በኋላ መስሏት ተረጋግታ ቡና ልታፈላ ተነስታ ነበር። አብረዋችሁ ያሉ ወላጆች ካሉ «በእኛ 3 ሰዓት ተኩል» ብላችሁ ንገሯቸው።

አሁን ደግሞ መድረሻውን አስሉ። ማጂክ ኪንግደም የመኪና ማቆሚያው በሩ ላይ አይደለም። መኪናችሁን ካቆማችሁ በኋላ ሐይቁን በጀልባ ወይም ዙሪያውን በሞኖሬል ተሻግራችሁ ነው በሩ ጋ የምትደርሱት። ከመሻገራችሁ በፊት የቦርሳ ፍተሻ አለ፣ በሩ ላይ ትኬት አለ፣ ጋሪ ማጠፍና መዘርጋት አለ፣ ከበሩ እስከ ግንቡ ደግሞ አንድ ሙሉ መንገድ በእግር አለ። እኔ በነሐሴ ቀጠሮው ሰዓት ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ ደርሼ «ደርሰናል» ብዬ ነበር። የ20 ደቂቃ ቀጠሮ ደግሞ ስለዘገያችሁ አይረዝምም። ከመኪና ማቆሚያው አንስቶ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጠሩ። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ።

ልብስ

ቀለም የሚገጥም ቲሸርት ስለሚለብሱት ብዙ ተጽፏል። እኔ የምነግራችሁ ስለ ሀበሻ ልብስ ነው።

መጀመሪያ ርዝመቱን እዩ። ፓርኮቹ መሬት የሚጎተት ልብስ አይፈቅዱም። የእናቴ ቀሚስ ጫፉ መሬቱን ይነካ ስለነበር ወደ በሩ ከመሄዳችን በፊት ሆቴል ውስጥ ሁለት ጣት ያህል አጥፌ በእጅ ሰፋሁላት። ነጠላውም ሲከናነቡት ጫፉ እንዳይንጠለጠል።

ሁለተኛው ነጩ ነው። ነጭ ጥጥ በቀትር ፀሐይ ስር ፎቶ ላይ ባዶ ይሆናል፤ ጥለቱም ፈትሉም አይታይም። ካሜራው ያንን ነጭ ለማዳን ብርሃኑን ሲቀንስ ደግሞ የእኛ ፊት ይጠቁራል። በነሐሴ ከዝናቡ በኋላ በስልክ የተነሳነው ፎቶ እንደዚያ ነው፤ አምስት የሚያበራ ልብስና አምስት የማይታይ ፊት። ፎቶ አንሺውን ከመጀመራችሁ በፊት «ለፊታችን አስተካክልልን» በሉት። አንድ ፎቶ ያንሳና ስክሪኑ ላይ ያሳያችሁ። የእናታችሁ ዓይን በደንብ ይታያል? የጥለቱ ቀለም ይለያል? እሱን አይታችሁ ቀጥሉ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥር ላይ ያነሳችን ልጅ ወዲያው ገብቷት ወደ ጥላ ጠጋ አደረገችን። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ጫማ ምቹ ይሁን። ከፎቶው በኋላ የምትቀይሩትን ቀለል ያለ ልብስ ያዙ፤ ነጭ ለብሶ አይስክሬም የሚበላ ልጅ የለም።

የዕለቱ ጠዋት

ልጆቹን አብሏቸው። ከቀጠሮው በፊት ምንም ራይድ ላይ አታውጧቸው፤ አንዴ ከጀመሩ አይመለሱም። የሰልፊ ዱላ እንዳትይዙ፤ በር ላይ አያሳልፉትም።

በስልካችሁም ማንሳት ካሰባችሁ፣ ከቀዝቃዛ ሆቴል ወይም መኪና ወደ ፍሎሪዳ ወበቅ ስትወጡ ሌንሱ ጉም ይለብሳል። ትንሽ ቆይታችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ ጠርጋችሁ አንሱ።

የምትፈልጉትን ፎቶ ቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከአራት አይብለጥ። እኔ የጻፍኩት ሁሉም በአንድ ላይ፣ እናቴ ከልጆቹ ጋር፣ እኔና እናቴ፣ እናቴ ብቻዋን የሚል ነው። ሁሉም በአንድ ላይ የሚነሱትን መጀመሪያ ጨርሱ፤ የልጆች ትዕግሥት የሚያልቀው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። አያት ብቻዋን የምትነሳውን ደግሞ አትዝለሉት። እናቴ «እኔን ብቻዬን ምን ያደርግላችኋል?» ብላ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጆቿን አጣጥፋ ቆመች። ከሁሉም የምወደው ያ ነው።

ከዚያ በኋላ

ፎቶዎቹ ፎቶፓስ አካውንታችሁ ውስጥ ይገባሉ፤ ግን ለዘላለም አይቀመጡም። ቤት በገባችሁ ሳምንት ሁሉንም በሙሉ ጥራቱ አውርዱና ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

ሀገር ቤት ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል፣ ሲታተም ይደበዝዛል። እኛ የእናቴን እዚሁ አሳትመን፣ በሁለት ካርቶን መካከል አድርገን፣ ከልብሶቿ ሥር ሻንጣዋ ውስጥ አስቀመጥንላት። አሁን አዲስ አበባ ሳሎኗ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል።