በየከተማው የተበተነ የሶፍትዌር ቡድን ሬትሮ እንዴት ይመራል?

ሬትሮስፔክቲቭ፣ በአጭሩ ሬትሮ፣ ስፕሪንት (ቡድኑ ሥራውን የሚከፋፍልበት አጭር የሥራ ዙር) ሲያልቅ ቡድኑ ስለ አሠራሩ የሚመክርበት ስብሰባ ነው። በስፕሪንት የመሥራት ዘዴ የሆነው የስክረም መመሪያ ለአንድ ወር ስፕሪንት ቢበዛ 3 ሰዓት ይፈቅዳል። በየሁለት ሳምንቱ ለሚገናኝና በቪዲዮ ለሚወያይ ቡድን ግን 1 ሰዓት በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰዉ ካሜራውን ዘግቶ ኮዱን መነካካት ይጀምራል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁረጡ። አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና ጠዋት ነው፤ እዚያ ሰዓት ስለሚቀያየር ልዩነቱ አንዴ 7፣ አንዴ 8 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ የካላንደር ግብዣ ላኩ እንጂ «10 ሰዓት እንገናኝ» ብላችሁ በቴሌግራም አትለፉት። በሐበሻና በፈረንጅ ሰዓት የተነሳ ባዶ ስብሰባ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ የማያውቅ ማን አለ?

ከዚያ ሚሮ (የጋራ የኦንላይን ሰሌዳ) ወይም ተራ ጎግል ዶክ ላይ ሦስት ዓምድ አዘጋጁ፦ ምን ሠራልን፣ ምን አስቸገረን፣ ምን እንሞክር።

ስብሰባው ሲከፈት ማንም አይናገር። ማይክ ተዘግቶ ሁሉም ለ8 ደቂቃ ሐሳቡን በየዓምዱ በአጭር በአጭሩ፣ ማለትም በካርድ፣ ይጻፍ። ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ አይቅር እላለሁ። አለቃው ቀድሞ ከተናገረ ይሉኝታ የያዘው ጀማሪ «እኔም የምለው እሱን ነበር» ብሎ ያልፋል። የቡድን መሪው ካርዱን መጨረሻ ላይ ያንብብ። ካርዶቹ ስም ባይኖራቸው ይመረጣል፤ አራት ሰው ብቻ ከሆናችሁ ግን አጻጻፋችሁን ስለምትተዋወቁ ብዙም አይደብቃችሁም። ስብሰባውን ሪከርድ አታድርጉ። ካርዱ ላይም የሆነውን ጻፉ፦ «ሪቪው (የኮድ ፍተሻ) ቀርፋፋ ነው» ከማለት «የማክሰኞው ፑል ሪኩዌስት (ኮድ ታይቶ እንዲቀላቀል የሚቀርብ ጥያቄ) 3 ቀን ጠበቀ» ማለት ይሻላል።

ተመሳሳዮቹን ሰብስቡ፣ ለእያንዳንዱ ሰው 3 ድምፅ ስጡ፣ ብዙ ድምፅ ያገኙትን ሁለቱን ብቻ ተወያዩባቸው።

በውይይቱ «ማን አዘገየው?» ሳይሆን «ለምን ዘገየ?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቁ። የማክሰኞው ፑል ሪኩዌስት ለምን ጠበቀ? ሪቪው የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ። ለምን አንድ ብቻ? ያንን የኮድ ክፍል ሌላ ሰው ስለማያውቀው። እንግዲህ መፍትሔው ሰውየውን መቆጣት ሳይሆን ሁለተኛ ሰው ማለማመድ ነው።

ከውይይቱ አንድ ወይም ሁለት ሥራ ብቻ ይውጣ፤ ባለቤትና ቀን ይኑረው፣ እንደማንኛውም ሥራ ጂራ (የሥራ መከታተያ) ላይ ይግባ። መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶበት የቀረ ባልደረባ በስልኩ እንዲጨምርበት ቦርዱን እስከ ነገ ክፍት ተዉት።

የሚቀጥለውን ሬትሮ በእነዚያው ሥራዎች ጀምሩ። ካልተሠሩ አዲስ ካርድ ከመጻፋችሁ በፊት ለምን እንዳልተሠሩ ተነጋገሩ።