«ስፖርት» ብላችሁ «ሰፖርት» ሲሰማ፦ የእንግሊዝኛ አነባበብ ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ «ስፖርት» ትላላችሁ፣ ሰሚው «ሰፖርት» ብሎ ይረዳና ስለ ድጋፍ ያወራል። «ትሬይን» ብላችሁ ባቡር ስትጠይቁ «ተሬይን»፣ የመሬት አቀማመጥ ይሆናል። «ስቴት» «እስቴት» ሆኖ ይሰማል። «ስኩል» እና «ስቶፕ»ማ ፊታቸው ላይ «እ» ሳይለጠፍባቸው የሚወጡበት አፍ ጥቂት ነው።

ምክንያት፦ ሳድስ። «ልጅ» ስንል ል አጭር አናባቢ ይዟል፣ ጅ ግን ባዶውን ቆሟል፤ ሁለቱም የሚጻፉት በሳድስ ነው። አማርኛ ደግሞ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ ተከታትሎ መምጣቱን ስለማይወድ፣ ምላስ ሳይታዘዝ «እ» ይሰነቅራል። እንግሊዝኛን በእኛ ፊደል ጽፈው የሚሸጡ የኪስ መጻሕፍት ይህን ያባብሱታል። «ስኩል» ብለው ይጽፉና ሳድሱ ይነበብ አይነበብ ሳይናገሩ ያልፋሉ። ድምፅ ከሌለው መጽሐፍ አነባበብ አትማሩ።

መፍትሄ፦ የሁለቱን ተነባቢ ጥምር ምላሳችሁ ያውቀዋል፤ የለመደው ግን ቃል መሃል ላይ ነው። «መስኮት» በሉ። በስና በኮ መካከል ምንም የለም። አሁን «መ»ን በልባችሁ ብቻ በሉና «ስኮት»ን ድምፅ አውጡበት። ቀጥሎ ኮን ወደ ኩ ቀይሩና «ስኩል»። ለ«ስታር» እና ለ«ስቶፕ» «መስታወት»ን በዚያው መንገድ ቁረጡ። መጀመሪያ ላይ ስን እንደሚተነፍስ ጎማ 2 ሰከንድ ያህል ሳቡት።

ማረጋገጫው ጉሮሮ ነው። ሁለት ጣት አድርጉበት፤ ስ ሲነፋ፣ ት ሲዘጋ አይነዝርም። ከአናባቢው በፊት ከነዘረ «እ» ገብታለችና እንደገና ጀምሩ።

ቃሉ ብቻውን ከተስተካከለ በኋላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይበላሻል፤ ብዙ ሰው የሚተወውም እዚህ ነው። «ማይ ስኩል» ይቀላል፣ ስ ከፊቱ ያለውን አናባቢ ይደገፋል። «ቢግ ስኩል» እና «አት ስኩል» ግን ከፊት ተነባቢ ስላለ «እ»ን መልሰው ይጠራሉ። በ«ማይ» 10 ጊዜ፣ ከዚያ በ«ቢግ» 10 ጊዜ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

የጉሮሮው ፈተና ለ«ብሎው» አይሠራም፤ ብም ልም ራሳቸው ይነዝራሉ። እዚያ ከንፈር ገና እንደተዘጋ የምላስ ጫፍ ቀድሞ የላይኛው ድድ ላይ ይለጠፍ። ከንፈር ሲከፈት ል ዝግጁ ስለሆነ ለ«እ» ጊዜ አይተርፍም። ምላስ ከዘገየ «ቢሎው»፣ ማለትም «ከታች» ይሆናል።

ችግር፦ «ሃፒ»፣ «ሰመር»፣ «በተር» ላይ ፒ፣ መ፣ ተ ይጠብቃሉ።
ምክንያት፦ በእንግሊዝኛው ፊደሉ ተደርቦ ስለሚጻፍ። እኛ «ገና» በዓሉንና «ገና» ጊዜውን በማጥበቅና በማላላት ስለምንለይ፣ ድርብ ፊደል ስናይ ማጥበቅ ይመስለናል። በእንግሊዝኛ ግን ድርቡ የሚነግረን ስለ ቀዳሚው አናባቢ ነው፦ በአንድ ኤን «ዳይነር» ምግብ ቤት፣ በሁለት ኤን «ዲነር» እራት።
መፍትሄ፦ እንዲህ ያሉትን ቃላት አላልታችሁ አንብቡ።

«አስባለሁ» ለማለት «አይ ቲንክ» ወይም «አይ ሲንክ» ሲወጣ፦ ለቲኤች ድምፅ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ትንሽ ይውጣና አየር ይለፍ። «ሲንክ» መስመጥ ነውና አትቀልዱበት።

«ወርክድ» («ሠራ»)፦ ያለፈ ጊዜን የሚያሳየው የመጨረሻው ኢዲ ከክ፣ ከፕ፣ ከስ በኋላ ት ተብሎ ይነበባል፤ «ወርክት» በሉ፣ «ወርቅ» ላይ እንደምታደርጉት ርና ክን አጣብቃችሁ። «ኢድ» የሚባለው ግሱ በት ወይም በድ ሲያልቅ ብቻ ነው።

ስልክ ላይ፦ አሜሪካ ውስጥ ማሽኑ «ፓውንድ» ተጫኑ ሲል # ነው፣ የገንዘብ ምልክት አትፈልጉ። እንግሊዝ አገር ያው ቁልፍ «ሃሽ» ይባላል። ስማችሁን በፊደል ስታስጽፉ ቢ፣ ፒና ቪ ይምታታሉ፤ «ብራቮ»፣ «ፓፓ»፣ «ቪክተር» ብላችሁ ለዩአቸው። ዘነበ የሚባል ሰው አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ፊደሉን «ዚ» ብሎ ብቻ ከተወ «ሲ» ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል፤ «ዚ፣ እንደ ዚብራ» ይበል፣ የተጻፈውንም መልሰው እንዲያነቡለት ይጠይቅ።