በአነስተኛ ጀልባ ምሰሶ ላይ የስፒናከር ማንሻ ገመድ እንዴት እንደሚገጠም

በባሕር ዳር በኩል ጠዋት ጸጥ የሚለው የጣና ውሃ ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ወደ ዳርቻው በሚነፍሰው ነፋስ ይናወጣል፤ ስለዚህ ከዘጌ ወይም ከክብራን ገብርኤል ወደ ከተማው የሚመለስ የሸራ ጀልባ ነፋሱን ብዙውን ጊዜ ከኋላው ያገኛል። ለዚህ አቅጣጫ የሚስማማው ሸራ ከጀልባው ፊት እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ የሚጎትተው ስስና ሰፊ ስፒናከር ነው። ብዙ ትናንሽ ጀልባዎች ግን የዋናውን ሸራና የፊት ሸራውን ማንሻ ብቻ ይዘው ስለሚሠሩ ሦስተኛ ማንሻ ገመድ መጨመር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር የአሉሚኒየም ምሰሶ ላላቸው ጀልባዎች የሚሆን ነው።

በመጀመሪያ ገመዱ በምሰሶው ውስጥ ይለፍ ወይስ በውጭ የሚለው መወሰን አለበት። በውስጥ ሲያልፍ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ምሰሶውን ከላይም ከታችም መቅደድን ይጠይቃል። ከሥሩ ሚዛን የሚጠብቅ ከባድ ብረት የሌለው ቀላል ጀልባ ቢገለበጥ ውሃው በእነዚህ ቀዳዳዎች ገብቶ ምሰሶውን ይሞላዋል፤ ውሃ የሞላው ምሰሶም ጀልባውን ሙሉ በሙሉ ስለሚደፋው መልሶ ማቃናቱ እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። በክረምት ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣውን ድንገተኛ ነፋስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለቀላል ጀልባ በውጭ የሚያልፈውን ገመድ ያለ ማመንታት እመርጣለሁ።

ምሰሶውን ለማውረድ ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ሲያወርዱም ሲተክሉም በአቅራቢያው የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ። የወረደውን ምሰሶ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በሁለት በርጩማዎች ላይ ያጋድሙት።

ከዚህ በኋላ ያለው፣ ማለትም ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር (በከራው) የሚንጠለጠልበትን ቦታና የመያዣውን ዓይነት መወሰን፣ የሥራው ሁሉ ዋና ነው። የፊት ሸራው ማንሻ የሚወጣው ምሰሶውን ወደ ጀልባው አፍንጫ ከወጠረው ሽቦ በታች ነው፤ ስፒናከር ግን ከሽቦው ፊት ከግራ ወደ ቀኝ በነፃነት መዞር ስላለበት ማንሻው ከሽቦው ማሰሪያ በላይ መውጣት ይኖርበታል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለቱ ይበቃል። ሽቦው ከምሰሶው ጫፍ ዝቅ ብሎ በታሰረባቸው ጀልባዎች በከራውን ከዚያ አብልጦ ማራቅ ያልተደገፈውን ጫፍ ያጎብጠዋል። በከራውም በማንጠልጠያው ላይ የሚዞር መሆን አለበት፤ የማይዞር ከሆነ ሸራው ወደ ጎን በሳበ ቁጥር ገመዱ በበከራው ጠርዝ እየተፋቀ ያልቃል።

መያዣውን በተመለከተ፣ በቀላሉ የሚታሰበው መፍትሔ ቀለበት ያለው ትንሽ ሳህን በምሰሶው ፊት ላይ በሁለት ሪቬት መምታት ነው። ይህን አይቀበሉ። ሪቬት ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል በሚገባ ይቋቋማል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ለሚነቅለው ግን ደካማ ነው፤ ስፒናከር ደግሞ የሚስበው ወደ ፊት፣ ማለትም ሪቬቱን በሚነቅለው አቅጣጫ ነው። በዚህ ዓይነት የተሠራ መያዣ በመካከለኛ ነፋስ ተነቅሎ፣ ሸራው ውሃ ላይ ወድቆ በጀልባው ሥር ሲገባ አይቻለሁ። የሚሻለው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ላሜራ የምሰሶውን ፊት አቅፎ በሁለቱም ጎኖች እንዲያርፍ ማስጎበጥና ሪቬቶቹን በጎኖቹ ላይ መምታት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ፊት የሚስበው ኃይል ሪቬቶቹን በሚጠነክሩበት አቅጣጫ ያገኛቸዋል። በላሜራው መሀል የሚበየደው ቀለበት ከሽቦው ማሰሪያ አልፎ ወደ ፊት ጥቂት መውጣት አለበት፤ አለዚያ ገመዱ ሽቦውን ያሻሻል።

በትራፓኖ ሲበሱ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በአንድ ከፍታ ዙሪያውን አይደርድሩ፤ ምሰሶው በዚያ መስመር ይደክማል። ለቆርቆሮ በር የሚውለው የአሉሚኒየም ሪቬት እዚህ ቦታ የለውም፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ 4.8 ሚሊ ሜትር ሪቬት ይጠቀሙ፤ ቀዳዳውም 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህን ሪቬት በትንሿ የእጅ መምቻ መሳብ ስለሚከብድ እጀታው ረጅም የሆነውን መዋስ ይሻላል። ሁለቱ ብረቶች በቀጥታ ሲነካኩና እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ ስለሚበላ፣ የጣና ውሃ ጨው አልባ ቢሆንም፣ በመካከላቸው ከፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ያስገቡ።

ምሰሶው ገና መሬት ላይ ሳለ በከራውን አንጠልጥለው ገመዱን ያሳልፉ። አንድ ሰው የፊት ሽቦውን በተተከለ ጊዜ በሚይዘው አቅጣጫ ወጥሮ ሲይዝ፣ ሌላው ገመዱን በመጀመሪያ ወደ ፊት፣ ቀጥሎም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሳብ። በአንዱም አቅጣጫ ገመዱ ሽቦውን ወይም ማሰሪያውን መንካት የለበትም፤ ከነካ ቀለበቱን ማስረዘም አሁን ቀላል ነው።

ገመዱ 8 ሚሊ ሜትር ፖሊስተር ይሁን፤ ቀጭኑም ሸራውን ይችላል፤ እጅ ግን አጥብቆ ሊይዘው አይችልም። ርዝመቱ የምሰሶው ቁመት ሁለት እጥፍና ጥቂት ትርፍ ነው፤ ለ7 ሜትር ምሰሶ 18 ሜትር ይበቃል። ናይለን ይለጠጣል። በየሱቁ የሚገኘው የሚያብረቀርቅ ርካሽ የፕላስቲክ ገመድ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን ፀሐይ አይችልም፤ ደርቆ ይሰነጣጠቃል።

ከሥሩ ከባድ ብረት ያለው ጀልባ ኖሮዎት በውስጥ ማሳለፍ ከመረጡ፣ የታችኛውን መውጫ ማዕዘኖቹን አክብበው ይሞርዱት፤ ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን ይጀምራልና። ከዚያም ነባሮቹን ገመዶች በውስጡ ወጥረው የምሰሶውን ራስ ከፍ ያድርጉና ቁራጭ የብስክሌት ካቴና በቀጭን ሲባጎ አስረው ከላይ ይልቀቁ። አሉሚኒየም ማግኔት ስለማይስብ፣ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ካቴናውን ከውጭ ሆኖ እስከ መውጫው ይመራዋል። ሲባጎው ከሌሎቹ ጋር አለመጠላለፉን አንዱን ገመድ ብቻ በመሳብ ያረጋግጡ፤ ሌላው አብሮ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይጀምሩ።

በመጨረሻ የገመዱ ታችኛ ጫፍ የሚታሰርበትን ባለ ሁለት ቀንድ ማሰሪያ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ይግጠሙና ምሰሶውን ይትከሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ለስለስ ባለ ነፋስ ይሁን፤ ስፒናከር የተነፋበት ጀልባ ቶሎ ስለማይታጠፍ ከደንገል ታንኳዎችና ከዓሣ መረቦች ይራቁ። ጀልባው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ በገመዱ ጫፍ ቀጭን ሲባጎ ሰፍተው ገመዱን ስበው ያውርዱት፤ በከራው ላይ ሲባጎው ብቻ ይቆይ፤ ገመዱን ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ።