ላንተርን ፍላይን ከሲካዳና ከእሳት እራት እንዴት እንለያለን?

ላንተርን ፍላይ የዛፍ ፈሳሽ የሚመጥ በራሪ ነፍሳት ነው። ጎንደር ዳር፣ ዋንዛ ወይም ሾላ ግንድ ላይ ክንፉን እንደ ጣራ ከድኖ የተቀመጠ፣ ግንባሩ ወደ ፊት የሾለ በራሪ ነፍሳት ካያችሁ ቀለሙን ለጊዜው ተዉት። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ጭንቅላቱን ከጎን እዩ። አንቴናው ከዓይኑ በታች ተተክሎ፣ ሥሩ እንደ ትንሽ ኳስ አብጦ፣ ጫፉ እንደ ፀጉር ከቀጠነ ሲካዳ (ዛፍ ላይ ሆና በከፍተኛ ድምፅ የምትጮኽ ነፍሳት) አይደለም። የሲካዳ አንቴና በሁለቱ ዓይኖች መካከል ነው፤ አናቷ ላይም ሦስት ነጠላ ዓይኖች ያብረቀርቃሉ።

ቀጥሎ ገልብጡት። በእግሮቹ መካከል የተጋደመ መርፌ መሰል አፍ ካለው የዛፍ ፈሳሽ መጣጭ ነው። የእሳት እራት አፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጠቀለለ ነው፤ ክንፏም ሲነካ ዱቄት ይለቃል። ላንተርን ፍላይም ነጭ ሰም ሊኖረው ስለሚችል በብናኙ ብቻ አትፍረዱ።

ዋናው ማረጋገጫ የተደበቀው የኋላ ክንፍ ነው። ወደ ገላው የሚጠጋው ክፍል በተሻጋሪ ጅማቶች እንደ መረብ ከተሞላ ቤተሰቡ ፉልጎሪዴ፣ ማለትም የላንተርን ፍላይ ቤተሰብ ነው። የደረቀውን ክንፍ በግድ መዘርጋት ይሰብረዋል፤ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከእርጥብ ጥጥ ጋር ሳይነካካ ከ1 እስከ 2 ቀን አቆዩትና ሲለሰልስ ዘርጉት። በክረምት ከዚህ በላይ ከቆየ ይሻግታል። አልኮል ውስጥ አትንከሩት፣ አረንጓዴው ይደበዝዛል።

ዝርያው የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ቀይ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀንድ (የሾለው ግንባር)፣ ቢጫ ነጥቦች ያሉት አረንጓዴ የፊት ክንፍ፣ ጫፉ የጠቆረ ቢጫ የኋላ ክንፍ ካለው የእስያው ፓይሮፕስ ካንዴላሪያ ነው፤ ሎንጋንና ላይቺ ዛፍ ይወዳል። ጭንቅላቱ ኦቾሎኒ የሚመስለውና የኋላ ክንፉ ላይ የዓይን ምስል ያለው ፉልጎራ ላተርናሪያ ነው፤ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ሁለቱን እዚህ ዛፍ ላይ አትጠብቁ። በአፍሪካም በእስያም የሚገኘው ዛና የተባለው ባለ ረጅም ቀንድ ወገን ነው። በነገራችን ላይ የላንተርን ፍላይ ቀንድ አያበራም፤ «ላንተርን» (ፋኖስ) የሚለው ስም የመጣው ቀንዱ ያበራል ከሚል የድሮ የተሳሳተ እምነት ነው።

ከናሙናው ጋር በምታስቀምጡት መለያ ወረቀት ላይ ቦታ፣ ከፍታ፣ የዛፉን ስምና ቀን ጻፉ። ከዓመቱ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልተጻፈ የናሙናው ቀን በ7 ወይም በ8 ዓመት ሊሳሳት ይችላል።